በኮባ የተጠቀለለ ናሙና

ዲላ ላቦራቶሪ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ናሙና በብዙ ዓይነት ዕቃ ሲመጣ አይቻለሁ። በማር ብልቃጥ መጥቷል፣ በለውዝ ቅቤ ዕቃ መጥቷል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክዳኑ በፕላስተር በተጠመጠመ የሕፃን ጡጦ መጥቶ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር። በኮባ ተጠቅልሎ የመጣው ግን አንዱ ብቻ ነው። ያመጣው ሰው ላይ ጮህኩበት፤ እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ቁጡ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ላይ ጨርቅ እየሸጠ ነው ያሳደገን፤ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ አፉ ይፈጥናል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ጠዋት ሲገቡ «ዛሬ ሙቀቷ ስንት ነው?» ይባባላሉ። ሥራዬን ግን እወደዋለሁ። ከሰው አካል ተቆርጦ የወጣ ናሙና ፎርማሊን የሚባል መጥፎ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ እሱ መበስበሱን ያስቆምና ሴሎቹን እንደነበሩ ያቆያቸዋል። ከዚያ በሰም እንሞላዋለን፣ ከወረቀት አሳስተን እንቆርጠዋለን፣ መስታወት ላይ አንጥፈን ቀለም እንቀባዋለን። አይቶ የሚፈርደው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሐዋሳ የሚመጣው ፓቶሎጂስት ነው። እሱ እስኪመጣ እኔም በማይክሮስኮፑ አያለሁ፤ ማየት አልተከለከለም።

ሰውዬው የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመና ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ኮንጋ መምጣቱን ነገረኝ። ሚስቱ ትናንት ይርጋጨፌ ላይ የግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ የወጣውን ወደ ዲላ አድርስ ተብሎ ለእሱ ተሰጥቶታል። የመጨረሻው መኪና አምልጦት እዚያው አድሮ ነው የመጣው። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ነገር አስቀመጠ። አንደኛው ቀዶ ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት፣ ሁለተኛው ክዳኑ ጥብቅ ያለ ትንሽ ብልቃጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ በእንሰት ቅጠል በሥርዓት ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ነገር። ለገበያ የመጣ ቅቤ ይመስላል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«እሱ ነው። ጡቱ።»

ወረቀቱን አየሁት። ጡቱ በትልቁ ዕቃ፣ ከብብቷ ሥር የወጡት ንፍፊቶች በትንሹ ብልቃጥ፣ ሁለቱም ፎርማሊን ውስጥ ይላል።

«ትልቁ ዕቃስ? ውስጡ የነበረው ውሃስ?»

«ደፋሁት» አለ። «አጥቤዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

«መቼ ነው የደፋኸው?»

«ትናንት። ከሰዓት።»

«ለምን?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ዓይኑን ኮባው ላይ ተከለ። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ፎርማሊን ያደረውን ሥጋ እያሰብኩ ደሜ ፈላ።

«ወንድሜ፣ የሚስትህን ሕይወት እኮ ነው የደፋኸው!» አልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። እሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ኮባውን ወደ እኔ ትንሽ ገፋ አደረገው፤ ከዚያ ወጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔም እያጉረመረምኩ ቃጫውን ፈታሁና ጡቱን አዲስ ፎርማሊን ውስጥ ከተትኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፓቶሎጂስቱ አየውና ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ይህን ያህሉን ለመለየት ያደረው ናሙናም በቅቷል። የሚቀረው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ የሴትዮዋም ነገር የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ጡት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች በአስኳላቸው ውስጥ የኢስትሮጅን ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ስሙ ተቀባይ ይሁን እንጂ ሥራው አለቅነት ነው። ሆርሞኑን ሲያገኝ ዲ ኤን ኤው ላይ ቁጭ ይልና የትኛው ጂን ሥራ ይጀምር የሚለውን ያዛል። ካንሰሩ ይህ አለቃ ካለው፣ የሚያድገው በእሱ ትእዛዝ ነው ማለት ነው፤ የአለቃውን አፍ የሚዘጋ ደግሞ ኪኒን አለ። በቀን አንድ ጊዜ ቤት ሆኖ የሚዋጥ፣ ለዓመታት የሚወሰድ ኪኒን። ካንሰሩ አለቃው ከሌለው ኪኒኑ አይሠራም፤ የሚቀረው አዲስ አበባ ሄዶ በደም ሥር የሚሰጠው ከባዱ መድኃኒት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ስልክ ደውሎ ሴትዮዋ አዲስ አበባ አልሄድም እንዳለች ነገረን። ልጆቿን ለማን ጥላ፣ ማን ዘንድ አርፋ ትሂድ? ያለ ምርመራ ውጤት ኪኒኑን አያዝላትም። እንግዲህ ወይ ይህ ፕሮቲን ይገኛል፣ ወይ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ኮንጋ ትቀመጣለች።

ፕሮቲኑን የሚያገኘው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ከአንድ ነገር በቀር ሌላ የማያውቅ ነው። የእኛው የኢስትሮጅን ተቀባይን ብቻ ያውቃል፤ ካገኘው ይጣበቃል፣ ካላገኘው በእጥበቱ ታጥቦ ይሄዳል። የተጣበቀበትን ቦታ በሌላ መድኃኒት ቡኒ እናደርገዋለን። አስኳሉ ቡኒ ከሆነ ተቀባዩ አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ የለም። ያለን አንድ ብልቃጥ ነበር፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ። በሃምሳ ዓመቴ አዲስ አበባ ሥልጠና ገብቼ ስጨርስ አስተማሪዬ ተለማመጂበት ብላ የሰጠችኝ ናት። በረዶ በሞላው ዕቃ ታቅፌ በአውቶቡስ አመጣኋት፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የልጆች ክትባት መስሏቸው መንገዱን ሙሉ ሲመርቁኝ መጡ። ዲላ መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው ጋ የምሮጠው ለእሷ ስል ነበር። ያን ጊዜ ለስድስት መስታወት የሚሆን ቀርቷት ነበር።

አንድ ምርመራ ሁለት መስታወት ይበላል። አንዱ የበሽተኛዋ፣ ሌላው ተቀባዩ እንዳለበት አስቀድመን የምናውቀው የሌላ ሰው ናሙና፤ እሱ ቡኒ ካልሆነ አንቲቦዲው ሞቷል ማለት ነው። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን ጠፍሮ ስለሚይዛቸው አንቲቦዲው እንዲደርስባቸው መጀመሪያ መስታወቶቹን እንቀቅላለን። ለዚህ የተሠራ ማሽን አለ፣ እኛ ግን ቦሎቄ የሚቀቀልበት በእንፋሎት የሚሠራ ድስት ነበረን። ድስቱ ማፏጨት ሲጀምር ልጆቹ «ሲስተር፣ ጨው እንዳትረሺ!» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ውጤት ሰማያዊ ሆነ። የሌላዋ ሰው ናሙና አምሮበት ቡኒ ሲሆን የእሷ አንድም ቡኒ የለውም። መቀቀሉ አንሶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ጊዜውን ጨምሬ ደገምኩት። አሁንም ሰማያዊ። ቅጹን አወጣሁና «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ግን አልተዋጠልኝም። ውጤቱ ራሱ አናደደኝ፤ እኔ ደግሞ ከተናደድኩ ነገር አልለቅም። መስታወቱን መልሼ አስገባሁና ካንሰሩን ትቼ ጠርዙን ማየት ጀመርኩ። ጠርዙ ላይ ያልታመመ ጡት ነበር፣ ወተት የሚወርድባቸው ጤነኛ ቱቦዎች። ጤነኛ ቱቦ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ቡኒ ሴሎች አይጠፉም፤ በማንኛዋም ሴት ጡት አሉ። እዚህ ግን እነሱም ሰማያዊ ነበሩ። ያኔ ገባኝ። ይህ ሥጋ የለም እያለ አይደለም። ያለ ፎርማሊን ባደረባቸው ሰዓቶች ፕሮቲኑ ፈርሶ መናገር አቅቶት ነው። ቅጹን ቀደድኩት።

ፓቶሎጂስቱም ሲመጣ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ መፍረድ አይቻልም» አለ። «ሌላ ምን አለሽ?»

ያለኝ ትንሹ ብልቃጥ ነበር። ንፍፊቶቹ ያሉበት ይህ ብልቃጥ ጡቱ ይቅደም ተብሎ ገና አልተከፈተም፤ ፎርማሊኑ እንዳለ ነው። ሥጋው ደህና ነው ማለት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ተቀባዩን የምንፈልገው ካንሰሩ ላይ ነው። ንፍፊቶቹ ጤነኛ ከሆኑ የምንመረምረው ነገር የለም። ካንሰሩ ከጡቷ አልፎ ብብቷ ከደረሰ ብቻ ነው አንቲቦዲው ጥያቄውን መጠየቅ የሚችለው።

በዚያው ሐሙስ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓቶሎጂስቱ በሚመጣበት ሐሙስ ሁሉ ከኮንጋ ይመጣና ይቀመጣል። ሳልፍ ተነሣ።

«ሲስተር፣ ተበላሽቷል አይደል?»

ለአንድ ጊዜ እንኳ አፌ አልቀደመኝም። «ገና ነው» አልኩት። «አልጨረስንም።»

«ሚስቴ አያውቅም» አለ። የጌዴኦ ሰው አማርኛ ሴትና ወንድ ለመለየት ብዙ አይጨነቅም። «ውሃውን ደፍቼ እንዳበላሸሁ አያውቅም። አትንገሪው።»

እሺ አልኩትና ገባሁ። ንፍፊቶቹን በሰም ሞልቼ እስክቆርጣቸው ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት በልቤ የያዝኩትን አሁን ልናዘዝ። ካንሰሩ ብብቷ ደርሶ እንዲሆን ተመኘሁ። ውሃ ስቀዳ፣ ድስት ሳጥብ፣ ጸሎት ቤት ቆሜ እንኳ «ምነው ደርሶ በሆነ» እል ነበር። ፊቷን ለማላውቃት ሴት በሽታዋ እንዲሰፋ መመኘት እንዴት ያለ ነገር ነው? እንዳይደርስ ልመኝ ብዬ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ባልየው ወንበሩ ላይ ይታየኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ በተለመደው ቀለም ቀብቼ አየሁ። አንደኛው ንፍፊት ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ትልልቅ ሴሎች ነበሩት፤ ጡቷ ላይ ካየኋቸው ጋር አንድ ናቸው።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

ከጎኔ የሚሠራው ልጅ ዞር አለ። «ምን ተገኘ?»

«ካንሰሩ ብብቷ ደርሷል!» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ።

የቀረችን አንቲቦዲ ለሁለት መስታወት ብቻ የምትሆን ነበረች። ሰኞ ድስቱን ጣድኩ፤ የዚያን ቀን ስለ ጨው የቀለደ አልነበረም። አንቲቦዲዋን ስጨምር ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ደገፍኩ። ቡኒ የሚያደርገው መድኃኒት ከገባ በኋላ የሚጠበቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ፣ አጠብኩ፣ ሰማያዊውን ቀባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው አስኳሎቹ ቡኒ ነበሩ። አንዱ ሁለቱ አይደለም፣ እነዚያ ትልልቅ ሴሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቡኒ፤ በዙሪያቸው ያሉት የንፍፊቱ ሴሎች ሰማያዊ። አለቃው አለ። ፓቶሎጂስቱ በመምጫው ሐሙስ አይቶ «አለ» ብሎ ፈረመ።

ለቀዶ ሐኪሙ ደወልን። በማግስቱ ኪኒኑን ሊቀበሉ ዲላ የመጡት ባልና ሚስቱ አብረው ነበር። እሷን ያን ቀን ነው ያየኋት። ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ናት። ቡና ማጠቢያው ጣቢያ የተበላሸ ፍሬ ለቀማ እየሠራች ከየአገሩ ከመጣ ሰው ጋር ስላወራች አማርኛዋ ከባሏ ይሻላል። ደንብ ባይሆንም በማይክሮስኮፑ እንድታይ አደረግኳት። ዓይኗ የለቃሚ ዓይን ነው፤ ሳልነግራት ቡኒዎቹን ለየቻቸው።

«እኛ ጋ ቡኒው ይጣላል» አለች።

«እዚህ ቡኒው ነው የሚፈለገው» አልኳት። ከዚያ ሁለቱንም ነገርኳት፣ ደጉንም ክፉውንም። ኪኒኑ እንደሚሠራላት፣ ይህንንም ያወቅነው ካንሰሩ ብብቷ ስለደረሰ መሆኑን። ባሏ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

«ሲስተር፣ ተቆጥተውታል አሉ» አለችኝ።

ባሏን አየሁት።

«እሱ በፈቃዱ አልነገረኝም። እህል እምቢ ሲል ሰሞኑን አስጨንቄ ነው ያወጣሁት። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ማደንዘዣው ሲለቀኝ ጡቴ የነበረበት ቦታ ነደደ። እሳት ነው፣ አቃጠለኝ አልኩት። እሱ ያን ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጧል። ከፍቶ አሸተተው። ዓይኑ ሁሉ አነባ። ‹የሚያቃጥልሽ ይሄ ነው፣ ሥጋሽ እኮ እዚህ ውስጥ ነው› አለኝ። ይዞት ወጣ፣ ውሃውን ደፋው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው፣ ከአጥሩ ሥር ኮባ ቆርጦ ጠቅልሎ ተመለሰ። ‹አሁንስ?› አለኝ።»

«እና?»

«ቃጠሎው ተወኝ። ተኛሁ።»

በዚያ ሰዓት ነርሷ የማስታገሻ መርፌ ሳትወጋት አልቀረችም። ይህን አልነገርኳቸውም። ለምን ደፋኸው ብዬ ስጠይቀው በልቡ ምን ይዞ እንደነበር፣ ምን ብሎስ ሊያስረዳኝ እንደሚችል ሳስብ የምገባበት ጠፋኝ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። «የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ክፉ ቃል ነው ያወጣሁት።»

«ትንሿንም ልከፍት ነበር» አለ፣ እኔን ማየት ፈርቶ። «እምቢ አለኝ። በጥርሴም ሞከርኩ።»

ሚስቱ ሳቀች። እኔ መሳቅም መደንገጥም አልቻልኩም። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር። ትንሿ ብልቃጥ እዚያ ተቀምጣለች፤ ያልቆረጥናት አንዲት ንፍፊት አሁንም ፎርማሊኑ ውስጥ አለች።

«ሲስተር፣ ያ ገና ውሃው ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ብብትሽስ?» አላት በቀስታ፣ በቋንቋቸው። «ያቃጥላል?»

«ትንሽ» አለችው።

በእኛ ደንብ ውጤቱ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ከናሙናው የተረፈው ቆይቶ ይወገዳል። ቀኑ ገና ነበር። ብልቃጧን ከመደርደሪያው አወረድኳት፤ ክዳኗ እውነትም እምቢተኛ ነው፣ በፎጣ ይዤ ነው የከፈትኩት። ሁለቱን ወደ መታጠቢያው ጠራኋቸው። ፎርማሊኑን ማጠራቀሚያው ውስጥ ደፋሁና ንፍፊቷን በማጥለያ ይዤ ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሦስታችንም ሲወርድባት አየን።

«አሁንስ?» አላት።

እጇን በነጠላዋ ሥር ወደ ብብቷ ሰደደችና ጥቂት ቆየች። «ቀዘቀዘልኝ» አለችው። ቧንቧውን ለመዝጋት አልቸኮልኩም።